በጨው አሸዋ ላይ ሁለት ድምፅ

በየካቲት ወር አጋማሽ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከአሰብ ከተማ በስተደቡብ ባለ የባሕር ዳርቻ አንድ አሮጌ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጠ። በቦታው አራት ሰዎች ነበርን። አራታችንም ሁለቱንም ድምፅ ሰምተናል።

ዓመቱን ለይቼ አልጽፍም። ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፣ አሰብ ወደባችን ነበረች፣ የእኔም ጸጉር ጥቁር ነበር፤ ለዚህ ጽሑፍ ይኼ ይበቃል። እንድጽፈው ያደረገኝ ባለፈው ወር ሰመራ ውስጥ የሰማሁት ጩኸት ነው። ልጄ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ልጠይቃት ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጋብ ሲል በዋናው መንገድ ዳር ስዘዋወር ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ፉጨት የሚመስል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ባጃጆቹ እየተንጫጩ ሲያልፉ እንኳ አልጠፋኝም። ባለሱቁ ለሁለት ደንበኞች የወርቅ መፈለጊያ ማሽን እያሳየ ነበር። መሬት ላይ ሳንቲም ጥሎ ማሽኑን በላዩ ሲያሳልፈው ይጮኻል። ቆሜ ሳይ፣ «ይግቡ አባባ፣ ወርቅ ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ጨው ባለበት መሬት ላይ ይሠራል?» አልኩት።

«ጨው ውስጥ ወርቅ አለ እንዴ?»

«ባሕር ዳር ማለቴ ነው። እርጥብ አሸዋ ላይ።»

ወደ ደንበኞቹ ዞሮ፣ «አባባ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ የጠፋባቸውን መንጠቆ ሊፈልጉ ነው» አለ። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ማሽኑን ገልብጦ በጣቱ አንድ ቦታ እያመለከተ፣ «እቺን ከነካኳት ጨውን ዝም ታሰኘዋለች» አለኝ። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ። አመስግኜው ወጣሁና አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥሁ።

ሰመራ ያኔ አልነበረችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውና ቢሮዎቹ የቆሙበት ቦታ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ባዶ ሜዳ ነበር፤ የአሰብ መኪናዎች ሳይቆሙ ያልፉታል። ሾፌሮች የሚያርፉት ሎጊያ ወይም ሰርዶ ነበር። ሰርዶ ላይ ከሰሌን ዳስ ሥር ሻይ በአሥር ሳንቲም እየጠጡ፣ ከወደብ የሚመለሱትን ስለ መንገዱ ይጠይቃሉ። ሽርጥ አገልድመው፣ የፕላስቲክ ጫማ ተጫምተው፣ እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚነዱት። የመንግሥት ሰው በካኪ ሳፋሪው ከሩቅ ይለያል፤ እሱ ሲመጣ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ከብት ይዞራል። እኔም ሳፋሪ ለባሽ ነበርሁ። መሥሪያ ቤቴ በአዋሽ ሸለቆ መድቦኝ ስለ ጥጥ እርሻዎች፣ ስለ መንገድ ጥገናና ስለ ስብሰባዎች ዜና እልክ ነበር። የምልከው ዜና አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ዜና ይሆናል። ለምጄው ነበር።

ማደሪያዬ አዋሽ ነበር። የድሬዳዋ ባቡር ሲገባ ከተማው በሙሉ ወደ ጣቢያው ያዘነብላል። ቀጫጭን ሆነው የሄዱ ሴት ነጋዴዎች ወፍረው ይመለሳሉ፤ በቀሚሳቸው ሥር የኮንትሮባንድ ጨርቅ ተጠምጥሞ ነው። ፈታሾች ከመድረሳቸው በፊት ከጣቢያው ጀርባ ባለው የዘይነባ ምግብ ቤት ጓዳ ይገቡና እንደገና ቀጥነው ይወጣሉ። ዘይነባ ከወሎ የመጣች፣ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከሞተች ቆይቷል። ባሏ ሰይድ የአሰብ ሾፌር ነበር። መኪናው ውስጥ የሚያጫውተው አንድ የፍቅር ዘፈን ካሴት ነበረው፤ ካሴቱ በሙቀት ተለጥጦ ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ይጎትታል፤ ሰይድ ግን አልቀየረውም። አንድ ጊዜ ከነጭነቱ ተገልብጦ ቅልጥሙ ስለተሰበረ፣ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አጥንቱ ላይ የብረት ሳህን በብሎን አስረውለታል። ራጁን ዘይነባ በቁም ሳጥኑ ጀርባ ታስቀምጠው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ሰይድ ያወጣውና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ «እኔና መኪናዬ ሥጋ ዘመድ ነን፤ በአንድ ብሎን ነው የታሰርነው» ይል ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ደግሞ በጥቁር ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነው የሚተኛው። «እኔ ነኝ ሚስትህ ወይስ እሷ?» ስትለው፣ «አንቺ አትሰረቂም» ይላታል።

ሰይድ አንድ ጉዞ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው ከአሰብ ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ የለም። በዚያ ዘመን በዚያ ዳርቻ ሰው ሲጠፋ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ በጀልባ ኮበለለ። ቀበሌው ዘይነባን እየጠራ ይጠይቃት ጀመር። ምግብ ቤቱ ሊታሸግ እንደሚችልም ነገሯት። እሷን ግን የበላት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ ሳህኑን እንደያዘች ቆመችና፣ «ጋዜጠኛው፣ ሞቶ ከሆነ የባል ሐዘኔን፣ ኢዳዬን ልቀመጥለት። ሸሽቶ ከሆነ ልርገመው። ሁለቱንም አንድ ላይ መሆን አልቻልሁም» አለችኝ። ሳቋን ከመንገድ ማዶ የሰማ ሰው አልነበረም ከዚያ በኋላ።

ከዓመት በላይ አለፈ። ሁመድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁመድ አፋር ነው፤ ግመል ይሸጣል፤ ዘመዶቹ ከአሰብ በታች ባለው ዳርቻ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከአንድ የከተማው አፋር ጋር ምግብ ቤቱ በራፍ ላይ ተገናኝተው እንደ ወጉ ዳጉ ተቀመጡ። ዳጉን ለማያውቅ አንባቢ፣ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው የሚለዋወጡት ወሬ ነው፤ ግን እንደ ከተማ ወሬ አይደለም። የሚናገረው በዓይኑ ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማ ለይቶ ይናገራል። ቀላቅሎ የተናገረ፣ ወይም የጨመረ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም፤ ይቀጣበታልም። ሁመድ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ግመል ገበያው ተናገረና፣ ባለፈው ዓመት ከኃይለኛ ነፋስ ማግሥት ባሕር ሦስት ሬሳ እንዳወጣ፣ እሱና ዘመዶቹ እንደቀበሯቸው፣ ከሦስቱ የአንዱ ቅልጥም ላይ ረጅም የስፌት ጠባሳ እንዳየ ጨመረ። የከተማው አፋር ይህን ለዘይነባ ተረጎመላት። ሻይ የያዘችበትን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ሰይድ ነው» አለች።

«ጠባሳ አየሁ» አለ ሁመድ በአማርኛ። ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» እና «አንቺ» ነበር የሚለው። «ስሙን አላየሁም።»

«ቀይ፣ ረጅም፣ ግንባሩ ሰፊ?»

«ባሕር ፊቱን በልቶታል። ፊት አላየሁም። ሱሪው ተቀዶ እግሩን አየሁ። ሌላውን ልብሱን አልገፈፍንም፤ ሬሳው አይነካም ነበር። እንዳለ ቀበርን።»

የዘይነባ ዘመዶች በሚቀጥሉት ቀናት ሁመድን ለመኑት። የባሏን ሞት የሚያጸኑት ቃዲ አንድ የዓይን ምስክር ብቻ ነበር የፈለጉት። «ሰይድ ነው» ቢል ነገሩ ያበቃል፤ እሷም ከቀበሌው ትድናለች። አንድ አጎቷ፣ «ምን ይጎድልብሃል? እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን» አለው።

«ካወቅህ አንተ ማል» አለው ሁመድ።

«እኔማ አላየሁም።»

«እኔም ስሙን አላየሁም አልሁህ እኮ።»

ሄደው ይቆፍሩ የሚል ሐሳብም መጣ። ሁመድ ግን የመቃብሮቹ ምልክት ድንጋይ በማዕበል ተበትኖ እንደነበር ሲመለስ ማየቱን ተናገረ፤ ቦታውን ያውቀዋል፣ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ቃዲው ደግሞ በግምት የሰው መቃብር መክፈት አይቻልም አሉ። ብረቱን ያስታወሰው ሃምሳ አለቃ ታደሰ ነው። ታደሰ በጦሩ ውስጥ ፈንጂ አምካኝ ነበር፤ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ ከተሰናበተ በኋላ አዋሽ በሚገኝ የመንግሥት ጋራዥ ይሠራል፤ ምሳውን ዘይነባ ጋ ነው የሚበላው። ራጁን ብዙ ጊዜ አይቶታል። «ብረት አይደለም እንዴ እግሩ ላይ ያለው? ታዲያ ለምን ትቆፍራላችሁ? ብረቱ ራሱ ይጥራን» አለ።

በጋራዡ ዕቃ ቤት ሁለት መሣሪያዎች ነበሩ። በመንገዱ ዳር አሸዋ የዋጣቸውን የተገለበጡ መኪናዎች ዕቃ ለመፈለግ ይጠቀሙባቸዋል። ታደሰም ለዚሁ ሥራ ወደ አሰብ መሄጃው ደርሶ ነበር። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ «አንዱን ብቻ ይዘህ ሂድ። ሁለቱም ከጠፉ እኔና አንተም እንጠፋለን» አለው። ስለዚህ መምረጥ ነበረብን። አንደኛው አዲስ፣ አረንጓዴ፣ ቀላል፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ነበር። ሌላው በጃንሆይ ጊዜ የገባ፣ የቆዳ ማንገቻ ያለው ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ላዩ ላይ የሚዞር ቁጥር ያለው እጀታ አለው። ታደሰ ሁለቱንም በጋራዡ ግቢ ደረቅ መሬት ላይ ሞከራቸው። አዲሱ እስከ ወገብ ድረስ የተቀበረ ብሎን አገኘ። አሮጌው ከጉልበት በታች ያለውን አልሰማም። ሁላችንም አዲሱን ብለን ጨርሰን ነበር። ታደሰ ግን በኦጋዴን በረሃ እንጂ በባሕር ዳር ሠርቶ እንደማያውቅ ተናገረና፣ «በማላውቀው አፈር ላይ ሳልሞክር ረግጬ አላውቅም። የረገጡትንም ቀብሬያለሁ» አለ።

እናም አዋሽ ላይ ባሕር ሠራን። ግማሽ በርሜል አሸዋ ከወንዙ መጣ። ዘይነባ ከገበያ ጨው ገዝታ በውኃ በጠበጠች፤ አሸዋው ላይ አፈሰስነው። ከወጥ ቤቷ የበሬ ቅልጥም አወጣች፤ ታደሰ የማይዝግ ማንኪያ እጀታ ቆርጦ አጥንቱ ላይ በሽቦ አሰረው። የሐኪም ብረት ስለማይዝግ ድምፁ ደካማ ነው አለ። ሾፌሮቹ ከየጠረጴዛው ተነሥተው ከበቡን።

«ዘይነባ፣ ዛሬ ቅቅሉ ጨው በዝቶበታል።»

«ሃምሳ አለቃ በማንኪያ የታሰረ በሬ ሊያስነሣ ነው።»

«ዝም በሉ እስቲ!» አለች ዘይነባ፤ ከመካከላቸው ነገሩን የሚያውቀው አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም።

አዲሱ መሣሪያ ወደ በርሜሉ ገና ሲቀርብ መጮህ ጀመረ። አጥንቱ ባለበትም በሌለበትም አንድ ዓይነት ጩኸት ነው። ታደሰ ያሉትን ሁሉ ነካካ፤ አልቀነሰም። «ይኼ ለባሕሩ ለራሱ ነው የሚጮኸው» አለና አስቀመጠው። አሮጌውን አነሣና እጀታውን በዝግታ አዞረው፤ ጩኸቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ጨው ላይ ዝም አለ። አጥንቱ ላይ ሲደርስ ግን በማዳመጫው ውስጥ የትንኝ ያህል ድምፅ ይሰማል። በርሜሉን እየሞላን አጥንቱን ወደ ታች ባራቅነው ቁጥር ትንኟ ራቀች። ከጉልበት ቁመት ሲያልፍ ጠፋች።

«ምን ያህል ነው የቆፈራችሁት?» አለው ታደሰ ሁመድን።

ሁመድ ጉልበቱን በመዳፉ ጠርዝ ነካ። «በመቅዘፊያ ነው የቆፈርን። ከዚህ አላለፈም። አሸዋ ተጨምሮበት እንደሁ ግን አላየሁም።»

ዘይነባ ተናደደች። «አዲሱ እስከ ወገብ ይሰማል ብላችሁኛል። አሸዋው ጨምሮ እንደሆነስ? እዚያ ድረስ ሄደን አሮጌው ዝም ቢልስ? ሁለተኛ ማን ይወስደኛል?»

«አዲሱ ሁሉም ቦታ ሰይድ አለ ይልሻል» አለ ታደሰ።

«ቢልስ!»

ሁመድ ወደ አሮጌው ሣጥን በአገጩ አመለከተ። «እኔ የምሰማው ይኼኛውን ነው። የሌላኛውን ቃል ይዤ ቃዲ ፊት አልቆምም።»

ያለ እሱ ምስክርነት ጉዞው ዋጋ አልነበረውም። አሮጌውን ያዝን።

የሄድነው በጋራዡ መኪና ነው፤ ታደሰ በሥራው፣ ሁመድ መንገድ መሪ ሆኖ፣ እኔ ስለ አሰብ መንገድ ጥገና ዜና ልሠራ፣ ዘይነባ ዘመድ ልትጠይቅ። ፍተሻ ላይ የተናገርነው ይህንን ነው። ዛሬ ሰመራ የቆመችበትን ሜዳ ያለፍነው በፀሐይ ግባት ላይ ነበር፤ ድንጋዮቹ ቀልተው ነበር። ማንም ስለ ቦታው ያለው ነገር የለም፤ የሚባልም አልነበረበትም። ዶቢ የጨው ሜዳ ላይ ጎማ ስንቀይር ታደሰ መሣሪያውን አውርዶ እንደገና ሞከረው። ዝም አለ። ዘይነባ ራጁን በጋዜጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንደያዘች ከመኪናው አልወረደችም።

ዳርቻው ላይ የደረስነው ሲነጋ ነው፤ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ከምሽት በኋላ በተገኘ ሰው ላይ ጥበቃዎች የሚተኩሱበት ዳርቻ ስለነበር ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅን። ሁመድ በአንድ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባና ውኃ ዳር በበቀለ ቁጥቋጦ መሐል ቆመና፣ «ከዚህ እስከዚህ» አለ። ድንጋይ የለም፣ ጉብታ የለም፤ እርጥብ አሸዋ ብቻ። ታደሰ እጀታውን አዙሮ ባሕሩን ዝም አሰኘው። ከዚያ በጦሩ ሥርዓት፣ እግሩን ሳያነሣ እየጎተተ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማሰስ ጀመረ። ዘይነባ ከኋላው በከንፈሯ ቁርኣን እየቀራች ትከተለው ነበር። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ቆመ። ማዳመጫውን አውልቆ ለሁመድ ሰጠው።

ሁመድ አዳመጠ። «አዎ። ሰማሁ።»

ከዚያ እኔ ሰማሁ። ከዚያ ዘይነባ።

በእጃችን ነው የቆፈርነው። ሁመድ ከቅልጥሙ በቀር ምንም እንዳይከፈት አዘዘ። ሳህኑ አጥንቱ ላይ እንደታሰረ ነበር። ስድስት ቀዳዳ አለው፤ ከላይ ሁለተኛው ባዶ ነው። ዘይነባ ራጁን ከጋዜጣው ፈትታ በወጣችው ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ስድስት ቀዳዳ፣ ከላይ ሁለተኛው ባዶ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ቁጭ አለች። ሁመድ ወደ ራጁ፣ ወደ አጥንቱ፣ እንደገና ወደ ራጁ አየ።

«አሁን ስሙን አየሁ» አለ።

አሸዋውን መልሰን ሬሳውን ሸፈንን። ታደሰ ግን መሣሪያውን አላጠፋም። የጀመረውን መሬት እስከ ጫፉ ሳይጨርስ አያጠፋም፤ ከጦሩ ያመጣው ልማድ ነው። ከእግሩ ወደ ራሱ አቅጣጫ አሰሰ፤ ደረቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ተመለሰ፤ እንደገና አሰሰ። ማዳመጫውን እንደ መጀመሪያው ለሁመድ ሰጠ። በተራ ሰማን። ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ግን የጠራ ድምፅ ነበር።

ታደሰ ሁለት ጣት በጎደለው እጁ ሣጥኑን ይዞ ወደ ባሕሩ ያይ ነበር። «ልቆፍር?» አለ።

ዘይነባ እጇን በራሷ አንገት ላይ አድርጋ ነበር። «ቁልፉ ነው» አለች። «አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው። መቼም አያወልቃት።» ከዚያም፣ «ተዉት። ይዟት ይተኛ» አለች። ትንሽ ሳቀች ልበል፤ ሳቅ ይመስል ነበር።

አልቆፈርንም። ሰላት ተሰገደበት። አዋሽ ስንመለስ ሁመድ ቃዲው ፊት የሰይድን አጥንት በዓይኑ እንዳየ መሰከረ። ሁለተኛውን ድምፅም አልደበቀም፤ «ደረቱ ላይ ብረት ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አላየሁም» አለ። ቃዲው አልጠየቁትም። ዘይነባ ቤቷን ዘግታ ኢዳዋን ተቀመጠች፤ ጨርሳ ስትከፍት መጀመሪያ የገባሁት ደንበኛ እኔ ነበርሁ። ቀበሌው ከዚያ በኋላ አልጠራትም። ከተሳፋሪዎች አንዱ ያንን የፍቅር ዘፈን በደህና ካሴት ሲከፍተው፣ ፍጥነቱ ለጆሯ እንግዳ ሆኖባት፣ «ይኼ ሌላ ሰው ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

ያን ዕለት ማክሰኞ፣ ከአሰብ ከመነሣታችን በፊት፣ መኪናው መቼና በማን እንደተመለሰ ለማጣራት ወደ ወደቡ የመኪና ስምሪት ክፍል ብቻዬን ሄጄ ነበር። ተረኛው የሰይድን መኪና ያስታውሰዋል። የባሕር ዳር ጥበቃዎች ራሳቸው ነድተው አምጥተው እንዳስረከቡት ነገረኝ። ሌላ ቁልፍ እንዳለው ጠየቅሁት፤ የለውም አለኝ። ከዚያ በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ቁልፉ ከነጥቁር ክሩ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።